የሠላሳ ደቂቃ እጥበት

ሰኞ፣ ጥር 5

አዲሷ ዛሬ ሥራ ጀመረች። "አዲሷ" የምላት ስም ስለሌላት አይደለም፤ ስሟን እዚህ መጻፍ ስላልፈለግኩ ነው። ደብተሩ የእኔ ነው፤ የሚገባበትን እኔ እመርጣለሁ።

ጋሼ፣ አለቃችንን ፊት ለፊትም ከኋላም እንዲህ ነው የምንላቸው፣ ላብራቶሪውን እያዞሩ አስተዋወቋት። እኔ ጋ ሲደርሱ፣ "ይቺ የቤታችን ምሰሶ ናት፤ አሥራ አንድ ዓመት!" አሏት። ምሰሶ። ምሰሶ እኮ ጣራ ተሸክሞ ሲኖር ማንም ዞር ብሎ የማያየው ነገር ነው። እሷ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ጎንበስ ብላ፣ "ስለ እርስዎ ብዙ ሰምቻለሁ" አለችኝ።

እርስዎ! ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እሷ ራሷ ቢያንስ ሠላሳ አንድ ይሆናታል፤ አንገቷን አይቼ ገምቻለሁ።

ከዚያ ጋሼ ሰብሰብ አድርገውን የቋሚ ተመራማሪነቱ ቦታ መጋቢት መግቢያ ላይ እንደሚወሰን ነገሩን። አንድ ቦታ ነው። በየዓመቱ ውሌ ሲታደስ "የሚቀጥለው ያንቺ ነው" ሲሉኝ የኖሩት ሰውዬ፣ ይህን ሲናገሩ የሚያዩት የሻይ ብርጭቋቸውን ነበር።

ቅናት አይደለም። ግን ጫማዋ ለላብራቶሪ አይሆንም።

ረቡዕ፣ ጥር 7

በችኮላ።

ሕዋስ ስታጥብ አየኋት። ጨዋማ ውሃ ጠብ፣ ሰሃኑን ገልበጥ፣ ጠብ፣ ገልበጥ፣ አለቀ። ሠላሳ ሰከንድ! ድመት እንኳ ፊቷን ስትታጠብ ከዚያ ትቆያለች።

እትዬ፣ ብርጭቆ አጣቢያችን፣ አጠገቤ ሆነው ያያሉ። ከኋላቸው "ሬዲዮ" ነው የምንላቸው፤ ጠዋት የሰሙት ለምሳ ይሰራጫል። "እጇ ሲፈጥን ደስ ሲል!" አሉኝ። ይህን የሚሉት ለእኔ እኮ ነው።

እሑድ፣ ጥር 11

ባሌ ተኝቷል፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ዛሬ በደንብ እጽፋለሁ።

ልጄ ከትምህርት ቤት "የወላጄ ሥራ" የሚል የቤት ሥራ ይዛ መጣች። የአባቷ ቀላል ነበር፤ የውሃ ቧንቧ ይሠራል፣ አለቀ። ከዚያ እርሳሷን እያኘከች እኔ ላይ ዞረች።

"እማዬ፣ ያንቺን ምን ብዬ ልጻፍ?"

"ኩላሊታችን ውስጥ በጣም ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ በይ። የቱቦዎቹ ግድግዳ ከሕዋሳት የተሠራ ነው፤ በየሕዋሱ ላይ ደግሞ የጨው በር አለ። በሩ ሲከፈት፣ ከሽንት ጋር ሊወጣ የነበረ ጨው ተመልሶ ወደ ሰውነት ይገባል። ከልክ በላይ ከገባ የደም ግፊት ያመጣል።"

"በሩን ማን ነው የሚከፍተው?"

"ካይኔዝ የሚባል ፕሮቲን። እኛ ዘበኛው እንለዋለን። ፎስፌት የምትባል ትንሽ ቁራጭ በሩ ላይ ይለጥፍበታል። የተለጠፈበት በር ይሠራል፣ ያልተለጠፈበት ዝም ይላል።"

"ዘበኛው ይተኛል?"

"አይተኛም።"

ጻፈች፦ "እናቴ የማይተኛ ዘበኛ ትጠብቃለች።" ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ጥሩ አጻጻፍ ነው። የላብራቶሪውን በር አልፎ መጽሔት ላይ የወጣው አንድ ጽሑፌ የሚለውም ይህንኑ ነው፤ ዘበኛው አይተኛም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ባየሁት ቁጥር ነቅቶ ነው ያገኘሁት። ማየት ማለቴ፣ ሕዋሶቹን አጥበን፣ በረዶ ላይ ሰብረን፣ ፎስፌት ያለባቸውን በሮች ብቻ መርጦ የሚይዝ ምልክት ካደረግንባቸው በኋላ ፊልም እናነሳለን። ጥቁር መስመር ከወጣ ዘበኛው ነቅቷል፤ ባዶ ከሆነ ተኝቷል።

የእኔ መስመሮች ውበታቸው! ጋሼ እንግዳ ሲመጣባቸው፣ "ኑ፣ የእሷን እጥበት እዩ" ብለው ያመጡብኝ ነበር። ጨው መስመሩን ስለሚያወላግድብኝ፣ የማጥበው ልኩን በጠበቀ የስኳር ውሃ ነው። ሦስት ጊዜ፣ አሥር አሥር ደቂቃ፣ ሰሃኑን በቀስታ እያወዛወዝኩ። ሠላሳ ደቂቃ የሚታገሥ ሰው በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል? እኔ ነኝ እንጂ።

ሐሙስ፣ ጥር 15

ሳምንታዊ ስብሰባ ላይ አዲሷ ፊልሟን ግድግዳው ላይ አሳየች። ባዶ። ዘበኛው ተኝቷል።

"ክሎራይድ ነው የሚያስተኛው" አለች። ክሎራይድ ማለት የገበታ ጨው ግማሽ አካል ነው። "ሕዋሱ ውስጥ በቂ ክሎራይድ ካለ፣ ዘበኛው ላይ ተቀምጦ ዝም ያሰኘዋል። ሲቀንስ ይነቃል፣ በሩን ይከፍታል፣ ጨው ይገባል፤ ሲሞላ ደግሞ ይተኛል። የጎደለውን እንደሚሞላ ሰው ማለት ነው።"

ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አወጡ። ይህን የሚያደርጉት አንድ ነገር ሲጥማቸው ብቻ ነው። መጨረሻ ያደረጉልኝ ከአራት ዓመት በፊት ነው።

"በሠላሳ ሰከንድ የታጠበ ሕዋስ ምን ቢናገር ይታመናል?" አልኩ።

ሰው ሳቀ። የሚያናድደው እሷም ሳቀች፤ ከልቧ።

ዓርብ፣ ጥር 16

በቤታችን ደንብ "እጅ ማዋስ" የሚባል ነገር አለ። የአንድ ሰው ውጤት ከበር ከመውጣቱ በፊት ሌላ ሰው ብቻውን፣ የተጻፈለትን ደረጃ በደረጃ ተከትሎ ይደግመዋል። ከመጣለት ይፈርማል። ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ካልመጣ ውጤቱ ይጣላል።

ጋሼ ዛሬ አዘዙ። እኔ የእሷን እደግማለሁ፣ እሷ የእኔን። ቦታው ከመወሰኑ በፊት ዘበኛው ይተኛ አይተኛ መታወቅ አለበት አሉ። እንግዲህ የእኔ እውነት ከሆነ ቦታው የእኔ ነው፤ የእሷ እውነት ከሆነ የአሥራ አንድ ዓመት ሥራዬ ገደል ገባ። ይህን እንኳ ጋሼ አላሉም፤ እትዬ ናቸው ብርጭቆ እያደረቁ የነገሩኝ።

"አይዞሽ ልጄ፣ ያንቺን የሚነካው የለም" አሉኝ። አስከትለውም፣ "ግን ልጅቷ ጎበዝ ናት ይላሉ።"

"ማነው የሚለው?"

"ሁሉም።"

ማክሰኞ፣ ጥር 20

የመጀመሪያው ድግግሞሽ። የጻፈችውን መስመር በመስመር ተከተልኩ። እጥበቱ ላይ ስደርስ ግን እጄ እምቢ አለኝ። በጨዋማ ውሃ ሠላሳ ሰከንድ ጨለፍ አድርጎ መድፋት ለእኔ ነውር ነው። እንደ ወጉ አጠብኩት፤ በእኔ ውሃ፣ በእኔ ሰዓት።

ፊልሙ ጥቁር። ዘበኛው ነቅቷል።

ቅጹ ላይ "አልተደገመም" ብዬ ሞላሁ። "ከተጻፈው የተቀየረ ነገር አለ?" የሚል ሣጥንም አለው። "የለም" አልኩ። እጥበት እኮ ሙከራ አይደለም፣ ንጽሕና ነው። ሰው ቤት ገብቶ እጁን ታጥቦ ቢበላ፣ ምግቡን ቀየረው ይባላል?

ሰኞ፣ ጥር 26

ሁለተኛው። ጥቁር። አልተደገመም።

ስወጣ አዲሷ ኮሪደር ላይ ጠበቀችኝ። የእኔን ደግማ ጨርሳለች፤ በአንድ ሙከራ። ሠላሳ ደቂቃውን ቆማ አጥባ፣ ፊልሙን አንስታ፣ ጥቁሩን መስመር አይታ፣ እዚያው ፈርማለች።

"እንዳሉት ነው የመጣልኝ" አለችኝ። "እንዴት የሚያምር መስመር ነው! እግሬ ግን ሊሰበር ነበር።"

"በአንድ ጊዜ ፈረምሽ?"

"መጥቶልኝ ምን እጠብቃለሁ?"

ይህችን መልስ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እያላመጥኳት ነው። ምን ለማለት ፈልጋ ነው? ምንም ለማለት ካልፈለገችስ? እሱ ይብሳል።

እሑድ፣ የካቲት 2

ባሌ ዓርብ ሊወስደኝ መጥቶ ነበር። ሰውዬው የሚያንጠባጥብ ቧንቧ እያየ ማለፍ አይችልም፤ ስመጣ ከአዲሷ ጠረጴዛ አጠገብ ያለው መታጠቢያ ሥር በጀርባው ተኝቶ አገኘሁት። እሷ ባትሪ ይዛ ታበራለታለች። ሁለቱም ይስቃሉ።

እስከ ዛሬ ምሳ ድረስ አልተናገርኩም። እሱ ራሱ ነው ያነሳው።

"ያቺ ልጅ ደስ ትላለች፤ ሳቋማ! ሥራዬን ቆማ አየችው እኮ። 'ይሄን ቫልቭ የሚዘጋው ምንድን ነው?' ትለኛለች።"

"እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ቆሜ አይቼሃለሁ።"

"አንቺማ ቁልፍ ስታቀብይኝ እንኳ ሐሳብሽ ሰሃንሽ ላይ ነው።"

ልጄ ጣልቃ ገባች፦ "አባዬ፣ ሳቋ እንዴት ነው?"

አስመስሎ ሳቀላት። ልጄ ደግማ አስመሰለች። ከዚያ ሁለቱ እየተቀባበሉ ያቺን ሳቅ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ጠረጴዛዬ ላይ! ሳህኖቹን ሳይጨርሱ አነሳሁባቸው።

ባሌን አልጠረጥርም። ልጻፈው፣ አልጠረጥርም። ግን የእኔን ሳቅ አስመስይ ብትባል ልጄ ታውቀው ይሆን?

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ሦስተኛው። ጥቁር። በደንቡ መሠረት ያለቀለት ነው። ጋሼ ግን፣ "ወር እስኪያልቅ ከፈለግሽ አንድ ጊዜ ጨምሪላት" አሉኝ። ጨምሪላት! ለእኔ ማን ምን ጨመረልኝ?

ምሳ ላይ አዲሷ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። "ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። እጥበቱን እንደጻፍኩት ነው ያደረጉት?"

"እኔን ምን ብታስቢኝ ነው እንዲህ የምትጠይቂኝ?" አልኳት።

ቀላች። "አይ፣ አይ! እርስዎንማ... እኔ ምናልባት የሳትኩት ነገር ካለ ብዬ ነው።"

አልዋሸሁም። ጥያቄ ነው የጠየቅኳት።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ሰዓት የለኝም። ያቺን የጭማሪ ሙከራ ጀምሬ ሳለሁ ከትምህርት ቤት ተደወለ፤ ልጄ ከመሰላል ወድቃ ክንዷ ተሰብሯል። ስልኩ በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል፣ ሰሃኑ በእጄ። የእኔ የስኳር ውሃ ማቀዝቀዣ ክፍል ነው፣ ሩቅ። አጠገቤ የነበረው የአዲሷ የጨዋማ ውሃ ጠርሙስ ነው። ጠብ፣ ገልበጥ፣ ጠብ፣ ገልበጥ። ሕዋሶቹን ሰብሬ በረዶ ላይ ጥዬ ሮጥኩ።

ክንዷ በጄሶ ታሽጓል፤ ለስድስት ሳምንት። ራሷ አላለቀሰችም፣ እኔ አለቀስኩ። እትዬ ደውለው እንዴት ሆነች አሉ። አዲሷም ደወለች፤ አላነሳሁም።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ባዶ።

ፊልሙ ባዶ ነው። ሦስት ጊዜ አነሳሁት። ሦስቴም ባዶ።

እሑድ፣ የካቲት 16

ልጄ ክንዷን ትራስ ላይ አስቀምጣ ሶፋው ላይ ትስላለች። ከእሷ አጠገብ ሆኜ እጽፋለሁ።

ከዓርብ ጀምሮ ሰበብ እየፈለግኩ ነው። ፕሮቲኑ ተበላሽቶ ይሆን? አልተበላሸም፤ በሩ ራሱ አለ፣ ፎስፌቱ ብቻ ነው የሌለው። ምልክት ማድረጊያው አርጅቶ ይሆን? ከእሱ ጎን ለማነጻጸሪያ ያስገባሁት የድሮ ናሙና ጥቁር ብሎ ወጥቷል። ስለዚህ ልዩነቱ አንድ ነው። እጥበቱ።

እሺ፣ ቀስ ብዬ ልጻፈው፣ ለልጄ እንደምነግራት። የእኔ የስኳር ውሃ ውስጥ ክሎራይድ የለም። ሕዋሶቹን እዚያ ውስጥ ሠላሳ ደቂቃ ሳቆያቸው፣ ውስጣቸው ያለው ክሎራይድ እየሾለከ ወደ ውጭ ይወጣል። ክሎራይዱ ሲወጣ ዘበኛው የሚያስተኛውን ነገር አጣ ማለት ነው። ይነቃል። ፎስፌቱን ይለጥፋል። ከዚያ እኔ እመጣና፣ "አያችሁ? አይተኛም" እላለሁ። አሥራ አንድ ዓመት።

ያቺ የድመት እጥበት ግን ለመንቃት ጊዜ አትሰጠውም። ተኝቶ ከነበረ እንደተኛ ነው የምታገኘው።

ይህ ሁሉ እርግጥ ግምት ነው። በአንድ ፊልም ላይ ተመሥርቶ ሰው አይናገርም፤ ያውም ሐሳቡ ልጁ ጋ በነበረበት ቀን የተሠራ። ፊልሙን መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከድሮ ማስታወሻዎቼ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ደበቅኩት አይባልም። መሳቢያው ቁልፍ የለውም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

የጋሼ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ቆሜ አላዳመጥኩም፤ በዚያ በኩል እያለፍኩ ቀስ ብዬ ነው የሄድኩት።

"እሷ እዚህ ቤት ውስጥ የተሳሳተችበትን ቀን አላስታውስም" ይላሉ ጋሼ። "ሦስት ጊዜ አልመጣም ካለች የእጅ ስህተት ሊሆን ይችላል። አይክፋሽ፣ ወጣት ነሽ።"

የአዲሷን መልስ አልሰማሁም።

ከሰዓት እትዬ፣ "ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ እያለቀሰች ነበር" አሉኝ። "በዚያ ብርድ! እንባዋ እዚያው አልረጋም?"

ሳቅኩ። ወዲያው ደግሞ በሳቄ አፈርኩ። ጋሼ ስለ እኔ ያሉት ግን ጣፍጦኛል። ለምን አልጽፈውም? ሲጣፍጠኝ ነው የዋለው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ላብራቶሪው ባዶ ነበር፤ ቁልፉን ከዘበኛው (ከእውነተኛው ዘበኛ) ተቀብዬ ገባሁ። ስድስት ሰሃን ደረደርኩ። ሁሉንም በስኳር ውሃ አጠብኩ፤ የመጀመሪያውን ግማሽ ደቂቃ፣ ከዚያ ሁለት፣ አምስት፣ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ።

ፊልሙ ሲወጣ ብቻዬን "ውይ!" አልኩ። ከግራ ወደ ቀኝ፦ ባዶ፣ ጥላ የመሰለች ነገር፣ ግራጫ፣ ደማቅ ግራጫ፣ ጥቁር፣ ድቅድቅ። ዘበኛው ዓይኑን ሲያሻሽ፣ ሲንጠራራ፣ ሲነሳ፣ እርምጃ በእርምጃ። በሕይወቴ እንዲህ ያማረ ነገር በእጄ ወጥቶ አያውቅም። በጨዋማ ውሃ ሠላሳ ደቂቃ ያጠብኩት ሰባተኛ ሰሃንም ነበረኝ፤ እሱ ባዶ። እንግዲህ ሰዓቱ ብቻውን አይደለም፣ የክሎራይዱ መጉደል ነው።

እና ታዲያ ይህን ማን አገኘው? እሷ ይተኛል አለች እንጂ በስንት ደቂቃ እንደሚነቃ አታውቅም። ይህን ሊያደርግ የሚችለው ትዕግሥት ያለው እጅ ብቻ ነው። ጋሼ ጋ ገብቼ "አዲስ ነገር አገኘሁ" ብል ውሸት ነው? የእሷ ውጤት በደንቡ ተጥሏል። የተጣለ ነገር ያነሳ ሰው ሌባ አይባልም።

ባሌን በወሬ መሃል ጠየቅኩት። "ሌላ ሠራተኛ ያየውን ብልሽት አንተ ብትጠግነው፣ የማን ሥራ ነው?"

"ማን ነው አይቶ የነገረኝ?"

"ቢነግርህ ያላመንከው ሰው ነው እንበል።"

ሹካውን አስቀመጠ። "ምን ሆነሻል አንቺ ሰሞኑን?"

"ምንም። የልጃችን ክንድ ነው የሚያስጨንቀኝ።"

ሰኞ፣ የካቲት 24

ዛሬ የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍ።

አዲሷ ጠዋት መጣች። ዓይኗ አብጧል። "እጥበቱን ቢያስተምሩኝ" አለችኝ። "የእኔ እጅ ነው የተሳሳተው፣ ጋሼም ብለውኛል። እንደ እርስዎ መሥራት መልመድ እፈልጋለሁ።"

እምቢ ማለት እችል ነበር። "ነይ" አልኳት።

ጎን ለጎን ቆምን። የራሷን ሕዋሳት፣ የእኔን የስኳር ውሃ። ሰሃኑን እንዴት እንደምታወዛውዝ አሳየኋት፤ ከእጅ አንጓ እንጂ ከክንድ አይደለም። ቶሎ ገባት። ሠላሳ ደቂቃ ረጅም ነውና እያወራን ነበር። የእናቷ ኩላሊት ደክሞ ሦስት ዓመት እንዳስታመመቻት ነገረችኝ። ስለ ልጄ ክንድ ጠየቀችኝ። አንድ ጊዜ እንደ ጉድ አሳቀችኝ፤ ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ሲፈልጉት ስታስመስል። መጀመሪያ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ እንደዚያች ግማሽ ሰዓት ደስ ያለኝ ጊዜ የለም። እያንዳንዱን እንቅስቃሴዬን እያየች "እሺ፣ እሺ" ትላለች። እኔ ምሰሶ አልነበርኩም፤ ሰው ነበርኩ።

እጄ ሥር ዘበኛው እየነቃ እንደሆነ አውቄ ነበር። በአሥረኛው ደቂቃ አውቅ ነበር፣ በሃያኛውም አውቅ ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

ጠዋት ፊልሟን ይዛ መጣች። ጥቁር።

"ይኸው" አለች፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረች። "ተሳስቼ ነበር። እርስዎ ባያስተምሩኝ እስከ መቼ እሳሳት ነበር።" በሌላ እጇ አንድ ወረቀት ይዛለች። ውጤቷን በፈቃዷ መሳቧን የሚገልጽ ነው። ለጋሼ ልትሰጥ ነው። ቦታውም አይገባኝም ብላ ጨምራበታለች።

"ስጪኝ" አልኳት።

"ምኑን?"

"ወረቀቱን ስጪኝ፣ አታስጨንቂኝ!" ነጥቄ ኪሴ ከተትኩት። 

መሳቢያዬን ከፍቼ ባዶውንና የቅዳሜውን ፊልም ይዤ ጋሼ ጋ ገባሁ። እመኚኝ ደብተሬ፣ በሩን እስክከፍት ድረስ ምን እንደምል አላውቅም ነበር። ከአፌ የወጣው፣ "ጋሼ፣ አዲስ ነገር አገኘሁ" የሚል ነው።

የቅዳሜውን አዩት። መነጽራቸው ወደ ግንባር ወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ! "ይሄ ምንድን ነው? ይሄ... ይሄ እኮ..." ተነስተው መስኮቱ ጋ ወሰዱት። "አንቺ ልጅ! ይነቃል ማለት ነው! ቀስ በቀስ! ይህን መቼ ሠራሽው?"

"ቅዳሜ።"

"እንዴት አሰብሽው?"

ያቺን ጥያቄ ባይጠይቁኝ ኖሮ ምን እሆን እንደነበር አላውቅም። አዲስ የእጅ ማዋስ ቅጽ ከጠረጴዛቸው ላይ ሳብኩና እዚያው ፊታቸው ሞላሁት። "ተደግሟል።" በስንተኛው ሙከራ? "በአራተኛው።" ቀደም ሲል ያልተደገመበት ምክንያት? "እጥበቱን ስለቀየርኩት።" የተደገመበት ቀን? የካቲት 13።

ጋሼ ቀኑን አነበቡ። ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ አዩ። መነጽራቸው ወረደ።

"ዛሬ ሃያ ስድስት ነው" አሉ።

"አዎ።"

"ልጅቷ እኮ ስታለቅስ ነው የከረመችው።"

"አውቃለሁ።"

ቅጹን አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ቢጮሁብኝ ይሻል ነበር። መጨረሻ ላይ፣ "ሂጂ፣ አንቺው ንገሪያት" አሉኝ።

ነገርኳት። ቆማ ሰማችኝ፤ ባዶውን ፊልም፣ ቀኑን፣ ሁሉን። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። ያለችው፣ "ሰኞ ዕለት፣ አብረን ስናጥብ ያውቁ ነበር?" ብቻ ነው።

"አዎ" አልኳት።

ጓንቷን አውልቃ ወጣች። ቀኑን ሙሉ አልተመለሰችም።

ዓርብ፣ መጋቢት 5

ቦታው ለእሷ ሆነ። ጋሼ በስብሰባ ተናገሩ፤ ሁሉም አጨበጨበ፤ እኔም። የእኔ ውል ለአንድ ዓመት ይታደሳል። የቅዳሜው ፊልም በሁለታችን ስም ይወጣል፤ የእሷ ስም ቀድሞ።

እትዬ አጠገቤ መጥተው እጄን ጨበጡኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልተናገሩም። ሬዲዮው ዝም ሲል ነው ነገሩ የከፋ መሆኑ የገባኝ።

ቤት ሄጄ ለባሌ ሁሉንም ነገርኩት። "እና ቀናሽባት" አለኝ። "አዎ" አልኩ። ያቺን ቃል በአፌ ስላት ልክ የጠበበ ጫማ እንደ ማውለቅ ነበር፤ ሕመሙ ግን እግሬ ላይ አለ። ዛሬም ቢሆን ስናጨበጭብላት አንገቷን ደፋ ያደረገችበት አኳኋን አናዶኛል። ያምርባታል እኮ!

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

የድሮ ጽሑፌን ላወጣው መጽሔት የእርማት ደብዳቤ ይጻፍ ተባለ። ጋሼ ለእኔ አዝነው ነው መሰለኝ ራሳቸው ጀምረውልኛል፦ "ቡድናችን በአጣጠብ ዘዴው ላይ ጉድለት ማግኘቱን በአክብሮት ይገልጻል።" ቡድናችን ከተባለ ሸክሙ ይቀልልሻል አሉኝ።

አዲሷ ከዚያች ረቡዕ ወዲህ ከሥራ ውጪ አነጋግራኝ አታውቅም። ዛሬ ግን ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች።

"አብረን እንፈርመው" አለች። ጠንከር ብላ ነው ያለችው፣ ከርኅራኄ አይመስልም። "እኔም ያንቺን ደግሜ ፈርሜያለሁ። ስኳር ውሃ ውስጥ ክሎራይድ እንደሌለ ማስተዋል ነበረብኝ፤ የራሴ ሐሳብ ሆኖ ሳለ! ስህተቱ የእኔም ነው።"

ያንቺን አለችኝ። እርስዎ ቀረ። አክብሮቷን ቀነሰችብኝ ወይስ ጓደኛ አደረገችኝ? ገና አላወቅኩም።

"አይሆንም" አልኳት።

"ለምን?"

አልመለስኩላትም፤ እዚህ ግን እመልሳለሁ። ቦታውን ወስዳለች። የጋሼን መነጽር ወስዳለች። ሳቋ ቤቴ ድረስ ገብቷል። ስሟ ከስሜ ይቀድማል። አሥራ አንድ ዓመት ቆሜ፣ በገዛ እጄ፣ በገዛ ትዕግሥቴ የሠራሁት ስህተት ነው የቀረኝ፤ እሱንም ልትካፈለኝ ትመጣለች? ሲያምራት ይቅር!

የጋሼን መስመር ሰረዝኩና አዲስ ጻፍኩ፦

"ሕዋሶቹን ለሠላሳ ደቂቃ ክሎራይድ በሌለው ውሃ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ካይኔዙን የቀሰቀሰው የእኔ እጥበት ነው። ይህን ያሳየችን የሥራ ባልደረባዬ ናት።"

ፈረምኩ። ከፊርማዬ አጠገብ ለሌላ ሰው ፊርማ የሚሆን ክፍት ቦታ ነበር። ማስመሪያ አምጥቼ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በወፍራም መስመር ዘጋሁት።